ሟቿ ቤት አሉ

«ብቻቸውን ነው የሞቱት አሉ። ልጅቷ ባሕር ወርዳ ነበር።»

ይህን ያለችው በዳቦ ቤቱ መስኮት ፊት ከተሰለፉት ሴቶች ሁለተኛዋ ናት። የነገረችው ለሦስተኛዋ ነው። ራይና አምስተኛ ነበረችና ሰማች፤ ሰምታም በልቧ ፈረደች። ምን ዓይነቷ ናት፣ እናቷ እያጣጣረች ውኃ ውስጥ የምትንቦጫረቅ! አሥራ አንድ ዓመት እናቷን ስታስታምም የኖረች ሴት ስለሆነች፣ እንዲህ ባሉ ልጆች ላይ መፍረድ ከቀሯት ጥቂት ደስታዎች አንዱ ነው። ሴትየዋ ግን ገና አላበቃችም። «እትዬ ፔትካናን ታውቂያቸው የለ? መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ወጥ ሠሪ የነበሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ያው ወረቀታቸው ሊፓው ዛፍ ላይ ተለጥፎልሻል።» ራይና አንድ ሌቫ ከሰማንያዋን በመዳፏ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ፔትካና እናቷ ናቸው። ከሩብ ሰዓት በፊት እንቁላሉ አልበሰለም ብለው ሲነጫነጩ ነው ትታቸው የወጣችው።

ዳቦውን ሳትገዛ ወደ ዛፉ ሄደች። በስታራ ዛጎራ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው፤ አንዴ አልጋው ላይ፣ አንዴ ዛፍ ላይ። ፎቶና ጥቁር ክፈፍ ያለው ወረቀት በደጃፉና በመንገዱ ሊፓዎች ላይ ካልተለጠፈለት፣ ሐኪም ቢፈርምም ጎረቤት አያምንም። በአርባው፣ በመንፈቁ፣ በሙት ዓመቱ ደግሞ እንደገና ይለጠፋል፤ ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሁሉ የሰፈሩን ሙታን በተራ እያየ ነው የሚያልፈው። አሁን ከእነሱ መሃል እናቷ ፈገግ ብለው ያዩዋታል። ፎቶው በራይና ሠርግ ቀን የተነሡት ነው። ሙሽራዋ ተቆርጣ ወጥታለች፤ የቀሩት በእናቷ ትከሻ ላይ ያረፉ ሦስት ጣቶቿ ብቻ ናቸው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ውድ እናታችን ፔትካና ጌንቼቫ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ማረፋቸውን በጥልቅ ሐዘን እናስታውቃለን። ሲያርፉ ብቻቸውን ነበሩ። ሴት ልጃቸው ባሕር ወርዳ ነበር። ከሐዘንተኞቹ፦ ልጃቸው ሊዩበን።» ራይና ሐዘንተኛ ለመሆን እንኳ አልበቃችም። ከሁሉ በታች፣ የጉንዳን እግር በሚያህል ፊደል፣ ይህ ወረቀት ከሊዩበን ጌንቼቭ አዲስ ልቦለድ የተወሰደ መሆኑን፣ ልቦለዱም ዛሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በባህል ቤቱ አዳራሽ እንደሚነበብ ተጽፏል። ይህን ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ዳቦ ሊገዛ መነጽር አድርጎ አይወጣም።

ስለ መጽሐፉ ታውቃለች። ወንድሟ ሊዩበን ሁለት ዓመት ሙሉ ከሶፊያ ሥራ ቦታዋ እየደወለ ሲያደነቁራት ነበር። ምዕራፍ የለውም፣ ታሪክ የሚተርክለት ሰውም የለውም፤ የአንድ ቤተሰብ አርባ ሦስት የሐዘን ወረቀት ብቻ ነው፣ ከመጨረሻው ሟች ጀምሮ ወደ ኋላ እስከ መጀመሪያው። አንባቢው ከሥር በሐዘንተኞቹ ዝርዝር ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደጎደለ እያየ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ትዳር እንደፈረሰ፣ ቤቱን ማን እንደወሰደው ራሱ ይደርስበታል። የዋና ከተማው ጋዜጣ «የቤተሰብ ኑሮ በአዲስ መዋቅር» ብሎ አሞግሶታል። የእናቷን የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ የድሮ የሐዘን ወረቀቶች በፖስታ የላከችለት እሷው ራሷ ናት፤ አያቶቹን፣ አክስቶቹን፣ በጦርነቱ የቀረውን አጎት ሁሉ። ለመዋቅሩ ሲባል ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው እንደሚሞት የነገራት የለም። ለዛሬው ምሽት ከመነጽር ቤቱ ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ለወንድሟ ብላ ማታውኑ ቃሪያ በሥጋና በሩዝ ሞልታ አድራለች። ቂል!

ወረቀቱን በጥፍሯ ጀምራ በቤቷ ቁልፍ ፋቀችው። ማጣበቂያው የእውነት ማጣበቂያ ነበር፣ ለልቦለድ ተብሎ የቀጠነ አይደለም። ከዳቦ ቤቱ እስከ ደጃፏ ዘጠኝ ሊፓ አለ፤ በዘጠኙም ላይ እናቷ አሉ። አራተኛው ጋ ስትደርስ ውሻ የያዙ ሽማግሌ ቆመው አዩዋት።

«ሴትዮ! ነውር አይደለም እንዴ? የሰው ሐዘን ይቀደዳል?»

«እናቴ ናት።»

«ይባስ!»

«አልሞተችም እኮ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ ቀጥሎም እሷን አዩ። ቁጣቸው በረደ። «መጀመሪያ ላይ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አሉ። «እኔም ለሚስቴ አንድ ወር ሙሉ ሁለት ሳህን ነበር የማቀርበው። እግዜር ያጥናሽ።» ውሻቸውን ጎትተው ሄዱ። ራይና ስልኳን አወጣችና ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ባቡር ውስጥ ነበር።

«ሊዩበን፣ እናታችንን ገድለህ ዛፍ ላይ ሰቅለሃታል።»

«አየሽው? ቆንጆ አልወጣም? የማተሚያ ቤቱ ልጆች ሐሳብ ነው። መጽሐፉ ወደ መጣበት መንገድ ይመለስ አሉ።»

«ሰው እግዜር ያጥናሽ እያለኝ ነው!»

«እናታችን አይደለችም፣ ራይና፤ ገጸ ባሕርይ ናት።»

«ስሟ ፔትካና ጌንቼቫ፣ ዕድሜዋ ሰማንያ አንድ፣ ጣቴ ትከሻዋ ላይ አለ፣ እና እናታችን አይደለችም? ባሕር የወረደችዋስ ማን ናት?»

«እሷም ገጸ ባሕርይ ናት። ዋሻ ውስጥ ልንገባ ነው፣ እየተቆረጠብኝ ነው» አለና ተቆረጠ። ከሶፊያ ስታራ ዛጎራ ሲመጣ ነገር በከበደ ቁጥር ለወንድሟ ዋሻ አይጠፋም። ራይና ወረቀቱን ጨመደደችው። እውነቱን ለመናገር ባሕር ወርዳለች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመስከረም፣ ለአራት ቀን፣ ፖሞሪዬ፤ እናቷ ራሳቸው «ሂጂ፣ ጠውልገሻል» ብለዋት፣ ጎረቤቷን እትዬ ቫንቼን አስተኝታላቸው። በአራቱም ቀን ዝናብ ነበር። እናቷ እንኳን ሊሞቱ አላስነጠሳቸውም። ከአሥራ አንድ ዓመት አራት ቀን፣ እሱም ዝናብ፣ እሱም በመጽሐፍ ወጣባት። ሰው ወደ ባህል ቤቱ ተሰብስቦ፣ ወንድሟ በዚያ ባማረ ድምፁ «ሴት ልጃቸው ባሕር ወርዳ ነበር» ሲል፣ እሷ የፊት ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው። እሱ ነገ ሶፊያ ይገባል። እሷ ነገ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች። ያን ገጽ እንዳያነበው ማድረግ አለባት፤ ወይ ደግሞ ውሸት ነው ብሎ በአደባባይ ይናገር። ሌላ ምንም አልፈለገችም፣ ይቅርታም ቢሆን።

ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው መቀመጥ ያለበት ወጥ ቤት ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ሁለት ዓመት ያለፈበት፣ ማቀዝቀዣው በሃያ ደቂቃ አንዴ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚንቀጠቀጥ። እትዬ ቫንቼ ጥቁር መጎናጸፊያቸውን እንዳጠለቁ ወንበር ላይ ተዘርፍጠው በሐዘን ወረቀቱ ያራግባሉ፤ ስድስት ነጭ አበባ፣ አንዱን በሦስት ሌቫ ገዝተው፣ ልቅሶ ሊደርሱ ቢመጡ በሩን የከፈቱላቸው ሟቿ ራሳቸው ናቸው። ሟቿ በዚህ ጊዜ አበባውን ማሰሮ ውስጥ እያደረጉ ነበር። ስድስቱን ቆጠሩ፣ አንዱን መዘው መስኮቱ ላይ አስቀመጡ። ጥንድ ለሙት፣ ጎዶሎ ለሕያው ነውና አሁን አምስት ሆኖ ለእሳቸው ተስተካከለ። «ምን ያህል አወጣሽ አንቺ ቫንቼ! በቁሜ አንድ አበባ አላመጣሽልኝም» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «ራይናዬ፣ የምን ፎቶ ነው ይሄ ያወጣው? ጸጉሬ እኮ እንደ ድርቆሽ ቆሟል። አንብቢልኝ እስቲ።»

ራይና አነበበች። ውድ እናታችን፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በጥልቅ ሐዘን። መሃል ላይ ያለውን ዘለለችው፤ ለእናቷ አዝና ይሁን በራሷ አፍራ እሷም አላወቀችውም። እናቷ አንገታቸውን አዘንብለው ሰሙና «ሁለት መስመር ዘለልሽ» አሉ። ቫንቼ ቀድመው አንብበውላቸዋል። ራይና ጠበቀች። ውሸቱን ነው ይላሉ፣ ልጄን እንዴት እንዲህ ይላታል ይላሉ ብላ ጠበቀች። ማቀዝቀዣው ተንቀጠቀጠና ዝም አለ። ቫንቼ ጣሪያውን አዩ። «ጸጉሬን ግን» አሉ እናቷ፣ «ቢያንስ ጸጉሬን»።

ሊዩበን ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ስልሳ ዓመት ሞልቶት ጀርባው እንደ ጎረምሳ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚሸከመው ስለሌለ። እናቱን አቅፎ «የኔ ገጸ ባሕርይ!» ሲላቸው፣ ፔትካና እንደ ልጃገረድ ሳቁ። ራይና በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲያ ያለ ሳቅ ከእሳቸው አፍ አልሰማችም። ቫንቼ ነገሩ ሸተታቸውና ምስር እሳት ላይ ጥጃለሁ ብለው ወጡ። ምሳ ቀረበ። ቃሪያው ጥሩ ወጥቶ ነበር፤ ሊዩበን ሦስት በላ፣ ስለ ትችቶቹ ተናገረ፣ አንዱ ሃያሲ «የጎደለ ስም የሚናገርበት መጽሐፍ» ማለቱን ደገመው። ፔትካና የምን ቋንቋ እንደሆነ ሳይገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በልጃቸው ሳህን ላይ እርጎ የጨመሩለት ራሳቸው ናቸው፤ ለራሳቸው ሻይ የምታማስልላቸው ራይና ናት። ራይና እስኪጠግብ ታገሠች። ይህ ታጋሽነት ሳይሆን ልማድ ነው።

«ያን ገጽ ዛሬ አታነበውም» አለች።

«መክፈቻው እኮ ነው። መዋቅሩ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።»

«እኔ ላይ ነው የቆመው። ውረድልኝ!»

ሊዩበን ሹካውን አስቀመጠ። «ራይና፣ ሥነ ጽሑፍ እኮ…»

«ሥነ ጽሑፍህን እዚያው። ሰው እናቷን ጥላ ሄደች እያለኝ ነው። እኔን! አጥቤ፣ አብልቼ፣ ሌሊት አምስቴ ተነሥቼ። እናትህ ስትሞት ብቻዋን እንደምትሆን ከየት አመጣኸው?»

«አልፈጠርኩትም» አለ ሊዩበን፣ የተቆጣ ሳይሆን ግራ የገባው ሰው ሆኖ። «በየሳምንቱ ባሕር አይደለሽ እንዴ?»

«የት?»

«ፖሞሪዬ። እሑድ በደወልኩ ቁጥር የለሽም። ‹ብቻዬን ነኝ ልጄ፣ ራይና ባሕር ወርዳለች› ነው የምትለኝ እማዬ። በጋም፣ ክረምትም። እኔማ ሰው ይዛለች ብዬ ነው። እንዲያውም ስላንቺ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ራይና ወደ እናቷ ዞረች። ፔትካና በጣታቸው ጫፍ የዳቦ ፍርፋሪ እየለቀሙ ነበር፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ የሌለ ይመስል። ሊዩበን እሑድ አራት ሰዓት ላይ ይደውላል። እሑድ ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ እናቷ የሆነ ነገር ያምራቸዋል፤ «ራይናዬ፣ ከምድር ቤት አንድ ማሰሮ ጎመን አምጪልኝ»፣ «ራይናዬ፣ ያችን የቲማቲሟን»። ሦስት ፎቅ ወደ ታች፣ የዛገ ቁልፍ፣ በሻማ የሚፈለግ ማሰሮ፣ ሦስት ፎቅ ወደ ላይ፣ በታመመ ጉልበት። ስትመለስ ስልኩ ተዘግቶ ይጠብቃታል፤ «ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል» ይሏታል። ያን ሁሉ ዓመት ያረጀ ሰው አምሮት ነው ብላ ነበር የምትወርደው። ለካ ባሕሩ ምድር ቤት ነው።

ሊዩበን ሁለቱንም አየና ሲጋራውን ይዞ ሰገነት ወጣ። የዚህ ቤት ወንዶች ነገር ሲከብድ ሰገነት ይወጣሉ፤ አባቱም እንደዚያው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ከባዶ ሳህኖቹ ጋር ቀሩ። ራይና አልጮኸችም። መጮኽ ፈልጋ ነበር፣ ድምፁ ከየት እንደሚጀመር ጠፋባት።

«ለምን፣ እማዬ?»

ፔትካና መልቀማቸውን ቀጠሉ። ፍርፋሪው አለቀ። «ራይና አለችልኝ፣ ሆዴም ቤቴም ሞልቷል፣ ምንም አልጎደለኝም ብለው» አሉ ሳያዩዋት፣ «ይደውል ነበር? ለጠገበች እናት ማን ይደውላል? በፋሲካ፣ በልደቴ። አበቃ።»

«እኔን ሸጠሽ ነዋ ድምፁን የምትሰሚው።»

«አንቺን ምን አደረግሁሽ? አንቺ እዚሁ ነሽ።»

ይህን ያሉት በቅንነት ነው፤ እሱ ነው የባሰው። «እሺ» አለች ራይና። «ሆነ። ዛሬ ማታ አብረሽን ትመጪያለሽ። ታክሲ እጠራለሁ። እሱ ያን ገጽ ሲያነብ ትነሺና ‹ልጄ አልተለየችኝም› ትያለሽ። ሁለት ቃል። ሌላ አልፈልግም።»

ፔትካና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ደንግጠው። «ሰው ፊት? ይህን ያህል ዓመት ለፍቶ ጽፎት፣ እናቱ ተነሥታ ውሸታም ትበለው?» በመስታወቱ ወደ ሰገነቱ ተመለከቱ፤ ሊዩበን ጢሱን ወደ ሊፓዎቹ እያቦነነ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱ ሆደ ባሻ ነው ልጄ፣ ይሰበራል። አንቺ ትችይዋለሽ።»

ትችይዋለሽ። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ የተነገራት ቃል ይህ ነው። አባቷ አልጋ ላይ ሲውሉና ወንድሟ ፈተና ሲኖርበት፣ ቤቱ ሲከፈልና ሰፊው ክፍል ለእንግዳ ማለትም ለሊዩበን ሲቀመጥ፣ ይኸው ቃል ነው የተነገራት፤ ሁልጊዜም እንደ ምስጋና፣ በፍቅር፣ እጇን እየዳበሱ። አሁንም እናቷ እጇን ዳበሱት። ሊዩበን ከሰገነቱ ገባና ሁለቱ ምን ላይ እንደደረሱ ለማወቅ ዓይናቸውን ፈለገ። «ታዲያ ምን ይሻላል? ላንብበው ወይስ ይቅር?» አለ። የጠየቀው እናቱን ነው።

«አንብበው ልጄ» አሉ ፔትካና። «ራይና ተስማምታለች።»

የበሩ ደወል ተደወለ። እንደ ልማዷ ራይና ተነሣችና ከፈተች። ደረጃው ላይ አራት ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች ቆመዋል፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ የድሮ ሠራተኞች ይመስላሉ፣ እያለከለኩ፤ አንዷ በስኳር የተለወሰ የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዘዋል፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ አበባ። ከኋላቸው ደግሞ ሌላ እግር ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል። ፊተኛዋ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት።

«እግዜር ይማራቸው። ያች ልጃቸው አንቺ ነሽ?»

ራይና በወጥ ቤቱ በር ወደ ውስጥ አየች። እናቷ የወንድሟን ኮሌታ እያስተካከሉለት ነው።

«አይደለሁም» አለች። «ልጃቸው ባሕር ወርዳለች። ሟቿ ቤት አሉ፣ ግቡ።»

ከመስቀያው ካፖርቷንና ቦርሳዋን አነሣች፣ ሴቶቹን ግድግዳው ጋ ተለጥፋ አሳለፈቻቸው፣ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ የአሮጊቶቹ ጩኸት ተሰማ፣ ሟቿን አይተው። አንደኛው ፎቅ ላይ እናቷ «ራይና! ወንበር አምጪ እንጂ!» ሲሉ ሰማች፣ ቀጥሎም «ራይና?»። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወንድሟ የቁም ሳጥኖቹን በር አንድ በአንድ እየከፈተ እየዘጋ፣ ብርጭቆ የት እንደሚቀመጥ ሲፈልግ ነበር።